ሞንታርቦውና ጥሩምባው

ገዲሴ ያንን ድምፅ መጀመሪያ ስትሰማው የማን እንደሆነ አላወቀችም። ወፍጮዋ እየጮኸ ነበር፤ በርበሬ ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶችም እየተቀባበሉ ያስነጥሱ ነበር። ከመካኒሳ በኩል አንድ አይሱዙ ሞንታርቦ ጭኖ እየተንቀራፈፈ መጣ።

«የግምት ግብር ከነሥሩ ተነቅሎ ይጣላል! ዛሬ ነገ የለም! መለሳለስ የለም! ከለዘብተኛ ጋር ጉዳይ የለንም!»

ድምፁ የቆርቆሮ በር በድንጋይ ሲደበደብ ይመስላል።

«ማነው ደግሞ ይሄ ጯሂ?» አለች ገዲሴ።

አጠገቧ ሽንኩርት የምትሸጠው ሐሚዳ ሳቀችባት። «ጋሽ ግዛው ናቸዋ! ምነው፣ ጆሮሽም ዱቄት ገባበት እንዴ?»

«ሂጂ ወዲያ! ጋሽ ግዛው እንኳን ሊጮኹ አስነጥሰውም አያውቁ።»

ቢሆንም ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ ወጣች። እውነትም ጋሽ ግዛው ናቸው። የመሰላል ሥዕል ያለበት ቲሸርት በኮታቸው ላይ ደርበው፣ አይሱዙው ላይ ቆመው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ ይጮኻሉ። መሰላል የፓርቲያቸው የምርጫ ምልክት ነው። ገዲሴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

እንዲህ መደነቋ ያለ ነገር አልነበረም። ጋሽ ግዛው ጡረታ የወጡ መምህር፣ የሰፈሩም እድር ሊቀመንበር ናቸው። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ድምፃቸው ከማነሱ የተነሳ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ወደ እሳቸው ይጠጋል። ምክትላቸው ኑሪ ነው፤ ላፍቶ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጠው ኑሪ። ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ጎረቤት በአጥር ሲካሰስ፣ ወንድማማች በውርስ ሲኳረፍ ሁለቱ አብረው ለሽምግልና ይቀመጣሉ። አንዱ የጀመረውን ነገር ሌላው ይጨርሰዋል። ሰፈሩም «ሁለት ሰው አንድ አፍ» ይላቸው ነበር።

አምና የቀን ገቢ ግምት መጥቶ ነጋዴው ሁሉ ሱቄን እዘጋለሁ ብሎ ሲነሳ፣ ያበረዱት እነሱ ናቸው። ጋሽ ግዛው «እንክፈል፤ ግን በልካችን እንክፈል» አሉ። ኑሪ ተቀብሎ «የበዛበት ሰው ቅሬታ ያስገባ፣ እኛ ምስክር እንሆናለን» አለ። ያን ቀን ሰዉ ወደ ቤቱ የሄደው ተረጋግቶ ነው። ከዚያ ምርጫ መጣ። የመሰላሉ ፓርቲ ጋሽ ግዛውን አጨ፤ የጃንጥላው ፓርቲ ኑሪን አጨ። ሰፈሩ ደስ አለው። የትኛውም ቢያሸንፍ ያው አንድ አፍ ነው ብሎ ነበር።

አይሱዙው አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ከሀይሌ ጋርመንት በኩል ሌላ ሞንታርቦ መጣ። የጃንጥላው ነው።

«ግብር ያልከፈለ መንገድ አይጠይቅ! ቅሬታ ቅሬታ የሚሉ ከግብር የሚሸሹ ናቸው! አንዳች ቅናሽ የለም!»

«ይሄስ ኑሪ ነው አትበይኝ» አለች ገዲሴ።

«ኑሪ ነው» አለች ሐሚዳ።

ገዲሴ ወደ ወፍጮዋ ተመለሰች።  በመጪው ሐሙስ የሷ ቅሬታ የሚታይበት ቀን ነው፤ ምስክሮቿም እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ነገሩ በራሷ አፍ የመጣ ነው። በፋሲካ ዋዜማ አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ እስከ አስፋልቱ የተሰለፈውን ሰው እያየ «ሥራ እንዴት ነው እናቴ?» አላት። ወፍጮ የሚያማርጥ ደንበኛ መሰላት። «ተመስገን! ሰው ሞልቶ ይፈሳል፣ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው!» አለችው። ለካ ልጁ ገማች ነው። የዋዜማው ግርግር የዓመቱ ሁሉ ገበያ ተደርጎ ተጻፈባት። መብራቱ ሄዶ ወፍጮዋ ተገትሮ የሚውልበትን ቀን ማን ይቁጠርላት? በተገመተው ከከፈለች ወፍጮዋን ሸጣ መሄዷ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ልጆች ያሳደገችበት ወፍጮ ነው። የራሷን ቃል በራሷ ቃል ማፍረስ ስለማትችል፣ የሚታመን ሰው ያስፈልጋት ነበር።

ማግስቱን ነጠላዋን አጣፍታ ሀይሌ ጋርመንት ሄደች። የመሰላሉ ፓርቲ ቢሮ ከአንድ ጫማ ቤት በላይ ነው። ጋሽ ግዛው ወጣቶች ከበዋቸው አገኘቻቸው። እሷን ሲያዩ ወደ ደረጃው ይዘዋት ወጡ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነው ጋሽ ግዛው። ቃልዎን አልረሱም አይደል?»

«አልረሳሁም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «መምጣት ግን አልችልም ገዲሴ።»

«አሞዎት ነው?»

«ደኅና ነኝ። ፓርቲያችን የሚለው ግምቱ ይነቀል ነው። እኔ ሄጄ ይቀነስላት ካልኩ ግምቱን ተቀበልኩ ማለት ነው። ዕጩው ራሱ ተደራደረ ይላሉ።»

«ማነው የሚለው?»

በአገጫቸው ወደ ላይ፣ ወደ ቢሮው ጠቆሙ።

«እስኪነቀል ድረስ እኔ ምን ልሁን ታዲያ? መሰላልዎ ላይ ወጥቼ ልጠብቅ?»

መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እርስዎ እኮ ለዘብ ያለ ሰው ነገር ያበርዳል ብለው ያሳደጉን ሰው ነዎት።»

«እዚህ ቤት ለዘብተኛ ማለት ስድብ ነው» አሉ። ይህን ያሉት በድሮው ድምፃቸው ነበር፤ ገዲሴ ለመስማት ተጠጋች። ወዲያው ከላይ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ መኪናው ሊነሳ ነው!» ብሎ ተጣራ። ጋሽ ግዛው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደረታቸው ተነፋ፣ «መጣሁ! ወደፊት!» አሉ። ደረጃው አስተጋባ። ገዲሴ ዓይኗ እያየ ሰው ተለወጠ። ካፖርት እንደመልበስ ነው፤ እጅጌ ማስገባት ብቻ።

ከዚያ ታክሲ ይዛ ላፍቶ ወረደች። ኑሪ በሱቁ ውስጥ ቆርቆሮ ተደግፎ፣ የጃንጥላ ኮፍያ አድርጎ ስልክ ያወራል።

«ጋሽ ግዛው አልመጣም አሉኝ» አለችው።

«እንዴታ! እሳቸውማ አይከፈል ባይ ናቸው።»

«አንተስ?»

«እኔ ይከፈል ባይ ነኛ።»

«እኔስ መቼ አልከፍልም አልኩ ኑሪ? በልኩ ነው ያልኩት። እሱንም ከአንተ ነው የሰማሁት።»

ኑሪ ኮፍያውን አስተካከለ። «ሥልጠና ላይ ነግረውናል። አንድ ቅሬታ ከደገፍክ ነገ ሁሉም ተሰልፎ በርህ ላይ ያድራል አሉን። ዕጩ የፓርቲውን ቃል አፈረሰ ማለት ነው።»

«መብራት የሄደ ጊዜ ሽሮህን ጭነህ መጥተህ፣ ወፍጮዬ በር ላይ ግማሽ ቀን የተጎለትከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«በል እሱን ብቻ ንገርልኝ። ስለ ፓርቲ ማን ጠየቀህ?»

«ከምርጫው በኋላ ይሁን በቃ።»

«ቅሬታ ሰሚው ምርጫህን አይጠብቅም!»

ውጭ ያካፋ ጀመር። ኑሪ ከጓዳ የፓርቲው ምልክት ያለበት አዲስ ጃንጥላ አወጣና «ዝናብ ነው እህቴ፣ ይህን ያዢ» አላት።

«ለሚመርጥህ ስጠው» ብላ ወጣች። ታክሲ ተራው እስክትደርስ በሰበሰች። ግትር ናት፤ ብትበሰብስም አትመለስም።

በታክሲው ውስጥ ነጠላዋን እየጨመቀች ስታስብ መጣች። ተናዳለች፤ ከንዴቷ በላይ ግን ገርሟታል። ሁለቱም አልዋሿትም። ሁለቱም ጠሏት የሚያሰኝ ነገር አላሳዩም። ታዲያ ምን ነካቸው? ወፍጮዋን አሰበች። ድንጋዩ ጠበቅ ተደርጎ ከተገጠመ የገባው ሁሉ ልሞ ይወጣል፤ ላላ ከተደረገ ሁሉም ክክ ሆኖ ይወጣል። እህሉ ልም ወይ ክክ ልሁን ብሎ አልመረጠም። ይህ ፓርቲ የሚሉት ነገር እንደዚያ ይሆን? እንደ ጋሽ ግዛው ያለውን ሽማግሌ በአንድ ወር እንዲህ አድርጎ የፈጨ ድንጋይ ምን ያህል ይከብድ?

ረቡዕ ጠዋት የማሞ ልጅ ሚሳኤል በሯን እያለቀሰ አንኳኳ። አባቱ አርፏል።

ማሞ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነበር። በሰፈሩ ሰው በሞተ ቁጥር ገና ሳይነጋ ጥሩምባውን እየነፋ በየመንገዱ «እገሌ አርፏል፣ ውጡ ቅበሩ» የሚል እሱ ነው። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ ገዲሴ ዘንድ ነው፤ ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ ጥሩምባውም እዚያ ነው የሚቀመጡት። ዕቃ ቤቱን ስትከፍት የተሰበሰቡት ወንዶች ግራ ገብቷቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። ሊቀመንበሩም ምክትሉም በቅስቀሳ ላይ ናቸው።

«ማን ይንፋ እንግዲህ?» አለ ነጋ፣ የእድሩ ገንዘብ ያዥ። «ነፊው ራሱ ሞተ።»

«ምን ችግር አለው፣ በቴሌግራም ይነገር» አለ አንዱ።

ገዲሴ ድስቱን አስቀመጠች። «ማሞ የሁላችንን ቤት ሞት በጥሩምባ ሲጠራ ኖሮ፣ የሱ በቴሌግራም? አፍርም የለህ?»

«እና አንቺ ልትነፊ ነው? ሴት ነፍታ ታውቃለች?»

«ማሞስ ሲወለድ ይነፋ ነበር?»

ጥሩምባውን ከተሰቀለበት አወረደችው። መጀመሪያ ስትነፋው የታፈነች ፍየል ድምፅ አወጣ፤ ወንዶቹ ለቅሶ ላይ እንዳሉ ረስተው ሊስቁ ከጀላቸው። ከንፈሯን አጥብቃ ደገመችው። አሁን ወጣ። ረዥም፣ ሻካራ፣ ሆድ የሚያንሰፈስፍ ድምፅ። እሷም ራሷ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ነገር ከደረቷ ይወጣል ብላ አታውቅም።

እየነፋች ዋናው መንገድ ላይ ወጣች። መስቀለኛው ላይ ሁለቱ መኪኖች ፊት ለፊት ተገትረዋል። አንዱ «ይነቀል!» ይላል፣ አንዱ «ይከፈል!» ይላል፤ ሁለቱ ሞንታርቦዎች ተደባልቀው ምን እንደሚባል የሚለይ ጆሮ የለም። ወጣቶቹ በዚህም በዚያም ይጨፍራሉ። ገዲሴ በመሃላቸው ገባችና ነፋችው።

መጀመሪያ የኑሪ ድምፅ ተቆረጠ። «ግብር ያልከፈለ» ብሎ ነበር፣ ቀሪውን አልጨረሰውም። ቀጥሎ ጋሽ ግዛው ማይኩን ከአፋቸው አወረዱ። ዲጄው ዘፈን ሊከፍት ሲል እጁን ያዙት። መስቀለኛው ጸጥ አለ። ታክሲዎቹ እንኳ ክላክስ ተዉ።

«ማሞ አርፏል!» አለች ገዲሴ።  «የጥሩምባው ማሞ አርፏል! ውጡ ቅበሩ!»

ጋሽ ግዛው ከአይሱዙው ለመውረድ ሲቸገሩ ከታች የተቀበላቸው እጅ የኑሪ ነበር። ጃንጥላው መሰላሉን አቅፎ አወረደ። የሁለቱም ወገን ወጣቶች ስልካቸውን እንደያዙ ደረቁ። ገዲሴ ጥሩምባውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። የመንግሥት ፖሊስ፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ የጎረቤት ልመና ዝም ያላሰኘውን ሁለት ሞንታርቦ፣ የሞተ ሰው ጥሩምባ ዝም አሰኘው።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ማሞ ደጅ ላይ ተተክሎ ሰው ተቀምጦ ሳለ፣ የሰኔ ዝናብ ከነፋስ ጋር ወረደ። አንዱ ችካል ተነቅሎ ሸራው ተገለበጠ፤ ምሰሶውም ዘመመ። ለቀስተኛው ጮኸ። ሁለቱ ሰዎች ከሁለት ማዕዘን ተወርውረው ምሰሶውን ያዙ። ውኃው በሸራው ቀዳዳ በጋሽ ግዛው መላጣ ላይ ይንቆረቆራል፤ ኑሪ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላታቸው ላይ አደረገላቸው። መሰላል የለበሱት ሽማግሌ በጃንጥላ ኮፍያ ሥር ቆሙ። አንዱ ቢለቅ ድንኳኑ በማሞ ሚስትና ልጆች ላይ ይወርዳል፤ ማንም አልለቀቀም። ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ቆዩ።

ገና እየዘነበ ሳለ ከመሰላሉ ወጣቶች አንዱ ደጁ ላይ መጥቶ «ጋሼ፣ ሰው እየጠበቀን ነው እኮ» አለ።

ገዲሴ ከበሩ ላይ ገታችው። «ድንኳን ውስጥ ፓርቲ አይገባም። ቲሸርትህን በነጠላ ሸፍነህ ተቀመጥ፣ ያለዚያ ውጣ።»

ይህ የእድሩ ሕግ ነው። ያወጡትም እነዚህ ምሰሶ የያዙት ናቸው። ሕጉ እሷንም ራሷን አሰራት። ሁለቱ ምስክሮቿ በአንድ ክንድ ርቀት ቆመዋል፤ ቅሬታዋ ነገ ጠዋት ነው፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ የግብር ነገር ነው፣ የግብር ነገር ደግሞ የምርጫ ነገር ነው። ምላሷን ነከሰች። እሷን የሚያውቅ ሰው ያን ቀን ዝም ማለቷ ምን ያህል እንደከበዳት ይረዳል። ሳህን እያዞረች በአጠገባቸው አለፈች፣ ተመለሰች፣ አለፈች።

ለሦስተኛ ጊዜ ስታልፍ ኑሪ ምሰሶውን እንዳቀፈ፣ ማንንም ሳያይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ነገ ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

ጋሽ ግዛውም ማንንም ሳያዩ «ሦስት ሰዓት» አሉ።

 ገዲሴ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። 

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ቢሮ መጡ። ለየብቻቸው መጥተው ለየብቻቸው ተቀመጡ። ኮሪደሩ ላይ ወሬው የደረሳቸው የሁለቱም ፓርቲ ልጆች ስልካቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። ሰብሳቢዋ ሄርሜላ የምትባል ረጋ ያለች ወጣት ናት።

«ወይዘሮ ገዲሴ፣ ለገማቹ ‹ሰው ሞልቶ ይፈሳል› ብለውታል?»

«ብዬዋለሁ።»

«ዋሽተው ነው?»

«አልዋሸሁም፤ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ደግሞስ ሊያስፈጭ የመጣ የመሰለኝን ሰው ወፍጮዬ ባዶ ነው ልበለው?»

የጠባቧ ክፍል ሰው ሳቀ። ሄርሜላም ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች፤ ከዚያ ወደ ጋሽ ግዛው ዞረች። «እርስዎ ዕጩ ነዎት። ፓርቲዎ ግምቱ ጭራሽ ይቅር ይላል። የሚጠይቁት እንዲቀር ነው ወይስ እንዲቀነስ?»

የኮሪደሩ ስልኮች ከፍ አሉ። ጋሽ ግዛው ተነሱ። ገዲሴ የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አታውቅም። የወጣው ትንሹ ድምፅ ነበር፤ ኮሚቴው ሁሉ ወንበሩን ስቦ ተጠጋ።

«የፓርቲዬን ነገር ሞንታርቦው ሲናገር ሰምታችኋል፤ እዚያ የምለውን እዚህ አላፈርሰውም። እዚህ የመጣሁት ግን ወፍጮዋ ቆሞ ስላየሁ ነው። ብዙ ቀን፣ እህሌን ይዤ ሄጄ፣ መብራት የለም ተብዬ ተመልሻለሁ። ትክፈል፤ በሠራችበት ቀን ልክ ትክፈል።»

ኑሪ ሳይጠየቅ ተነሳ። «እኔም ያው ነኝ። ይከፈል ባይ ነኝ፣ አሁንም ይከፈል እላለሁ። ግን ሽሮ ይዤ ግማሽ ቀን የጠበቅኩበትን ወፍጮ ያንን ቀን ሲፈጭ ዋለ ልል አልችልም። ያላየሁትን አየሁ አልልም።»

ድሮ እንደሚሆነው ነው፤ አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ጨረሰ። ኮሚቴው ተመካክሮ መብራት የጠፋበት ጊዜ ታስቦ ግምቱ እንደገና ይሠራ አለ። ወፍጮው ተረፈ። ሙሉ በሙሉ አልቀረላትም፤ መክፈሉ አለ። በልኩ ነው።

በሁለቱ ምስክሮች ላይ የደረሰው ግን እኩል አልነበረም። የጋሽ ግዛው ቃል በስልክ ሰፈሩን ዞረ፤ «ለዘብተኛው ዕጩ» ተባሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአይሱዙው ላይ የሚጮኸው ሌላ ሰው ሆነ። ስማቸው ከዕጩነት ባይፋቅም ማይኩን የሚሰጣቸው ጠፋ። ኑሪን ደግሞ ፓርቲው ማይኩን አልነሳውም። እሱ ግን ያፈረሰውን መልሶ የሚገነባ ይመስል፣ ከበፊቱ አብልጦ ይጮህ ጀመር።

በምርጫው ዋዜማ ሳምንት ጋሽ ግዛው ጤፋቸውን ይዘው መጥተው እንደማንኛውም ሰው ተራ ይዘው በከረጢታቸው ላይ ተቀምጠዋል። መብራት ስላለ ወፍጮው ይጮኻል። የጃንጥላው መኪና ከሩቅ ተሰማ።

ገዲሴ ማብሪያ ማጥፊያውን ነካችና ወፍጮውን አጠፋችው።

«ኧረ ገዲሴ! መብራቱ ሳይሄድ?» አለች ሐሚዳ።

«ዝም በይ፣ ልስማው።»

«ግብር ያልከፈለ መንገድ አይጠይቅ!» ይላል ኑሪ። «አንዳች ቅናሽ የለም!» ድምፁ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሁሉ ያርገበግባል። ገዲሴ ዱቄት በዱቄት እንደሆነች በሩ ላይ ወጥታ፣ ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ በዚያ ትልቅ ድምፅ ውስጥ ትንሹን ትፈልጋለች። መኪናው የማሞ ቤት ጋ ሲደርስ ሞንታርቦው ዝም አለ። ድንኳኑ ከተነሳ ሰንብቷል፤ ቢሆንም ዝም አለ። ቤቱን አልፎ ጥጉን ሲታጠፍ እንደገና ጮኸ።

«ጥሩ ተናጋሪ ነው» አሉ ጋሽ ግዛው ከከረጢታቸው ላይ።

«ከልቡ ነው እንዴ?»

 «የፓርቲው ነው። የሱም ነው። ምሰሶ የያዘውም እሱ ነው።»

«ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ውስጥ?»

«አንድ ሰው ውስጥ።»

ገዲሴ ጥጉ ላይ የቀረውን አቧራ አየች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች፤ መላጣቸው ላይ ዱቄት ተነስንሶባቸዋል፣ አላወቁትም። «አጀብ ነው» አለች፤ ሌላ ቃል አላገኘችም። ተመልሳ ገባችና ማብሪያውን ተጫነች። ወፍጮው አጓራ።

«ቀጥል ማነህ ባለ ተራ!» አለች።

ጋሽ ግዛው ከረጢታቸውን አንስተው ተጠጉ።